ሰባት ሲባዛ በስምንት?

«እኛም ተገርፈን ነው ሒሳብ ያወቅነው» የምትል ወዳጄ፣ እስኪ ሞባይልህን ሳትነካ መልስልኝ፤ ሰባት ሲባዛ በስምንት? እኔ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ማታ ለእናቴ አንድም ሳልስት በቃሌ ያልኩትን የማባዛት ሠንጠረዥ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ስቆም አጣሁት። መምህሩ አለንጋ ይዟል፣ ክፍሉ ይስቃል። «ደደብ!» ተባልኩና ተቀመጥኩ። (ቤት ገብቼም ለማንም አልተናገርኩ።)

ስናሰላ ቁጥሮቹን ለአፍታ የምንይዝበት የአእምሮ ቦታ ጠባብ ነው፤ ፍርሃት ሲሻማው ለስሌቱ የሚተርፈው ያንሳል። አሽክራፍትና ኪርክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ይህንን አሳይተዋል። የኮሌጁ እንዲህ ከሆነ የስምንት ዓመቱ ልጅማ! ሰሌዳ ፊት አቁሞ የሚያስቅበት መምህር የልጁን ድፍረት እንጂ ሒሳቡን አልፈተነም። መጀመሪያ ደብተሩ ላይ ይሥራው፣ ከዚያ ይጠየቅ።