የመስቃን እናቶች ሐዋላ በማን ስም?

ቡታጅራ ላይ ቦታ የሚያሻሽጥ ደላላ የገዢውን አቅም ሲመዝን "ዐረብ አገር ሰው አላችሁ?" ቢል አያስገርምም። ከመስቃን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ዱባይ የሄዱ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በሐዋላ ነው። የቤት ሠራተኛ በከፋላ ሥርዓት በአሠሪዋ ዋስትና ስለምትኖር ልጇን ወስዳ ማሳደግ አትችልም። ልጁ አያቱ ዘንድ ያድጋል፤ ገንዘቡ ባል ወይም ወንድም እጅ ይገባል። ቤት ይሠራበታል፤ ካርታው ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በተቀባዩ ስም ነው።

ይህ አሠራር ለገበያውም አይበጅም። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። እርግጥ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባንክ ለአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲከፍል ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይሰጥ ስለነበር፣ በባንክ መላክ ኪሳራ ነበር። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ልዩነቱ ከቀድሞው ጠቧል።

ስለዚህ ባንኮች በላኪዋ ስም ሒሳብ ከፍተው፣ ለዓመታት የላከችውን ለብድር መመዘኛ ቢቆጥሩላት ያዋጣቸዋል። ስትመለስ ወፍጮ ቤት ወይም የበርበሬ መጋዘን ለመክፈት ደጅ አትጠናም። ወንድምየው ቅር ይለው ይሆናል፤ እሱም ቢሆን በውክልና ወረቀት መሥራት አያቅተውም።