ሥዕሉ ጠራ፤ ድምፁስ?

የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» በእጃችን ካሉት ሁለት ቅጂዎች በየትኛው እናሳይ በሚል የተነሣው ክርክር እነሆ እስካሁን አልበረደም። አብዛኛው «አዲሱ ይሻላል፤ ሥዕሉ ጠርቷል» ብሎ ፈርዷል። ይህ ጸሐፊ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ይላል። ለምን ቢሉ፣ የፈረደው ዓይን ብቻ ነው፤ ጆሮ አልተጠየቀም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ፊልሙ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ ዘውዱ ሲንገዳገድ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ተቀረጸ። ርዝመቱ 150 ደቂቃ ነው። ገበሬው፣ ባላባቱና «እብድ» የሚባለው ከበበ የሚናገሩት በአማርኛ ነው። ንግግሩ ቁጥብ ስለሆነ አንዲት ቃል ከጠፋች የሚተካት የለም።

የ16 ሚሊ ሜትር ቅጂ ድምፅ በፊልሙ ጠርዝ በብርሃን የተጻፈ ቀጭን መስመር ነው፤ ከመነሻው ጠባብ ነው። ቪዲዮ ካሴት ላይ ሲገለበጥ ደግሞ የባሰ ይመጣል። የዘፈን ካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። በፓል ሥርዓት የሚሠራው የቪ ኤች ኤስ ክር ግን 2.34 ብቻ ነው፤ ተራው የድምፅ መስመርም የተቀረጸው እዚያው ላይ ነው። እንግዲህ የገበሬው ቃል ከአንድ ተራ ዘፈን ያነሰ ክብር ደረሰው ማለት ነው! በዚያ ላይ በሰከንድ 24 ሥዕል የተነሣ ፊልም በቀጥታ ወደ ፓል ሲገለበጥ በ25 ይሮጣል። 150ው ደቂቃ 144 ይሆናል፤ የሰዉም ድምፅ ይቀጥናል።

አሮጌው ቅጂያችን ከካሴት የተገለበጠ ነው፤ «እሽሽ» ይላል። በአዲሱ ላይ ይህን «እሽሽታ» አንድ ሰው በኮምፒዩተር አጥቦታል። ታዲያ ምን ጎደለ? «ሰ» ራሷ «እሽሽታ» ናት እኮ! ጉልበቷ ያለው ከ4000 ኸርዝ በላይ ነው፤ አጣቢው መሣሪያ ጫጫታውን ከፊደሏ አይለይም። ያኔ «ሠራ» እና «ፈራ» ይመሳሰላሉ። ስለ ገበሬ በሚናገር ፊልም «ሠራ» የሚለው «ፈራ» ተብሎ ከተሰማ ይህ ጥራት ነው ወይስ ስም ማጥፋት?

ባለፈው ዕረፍት በአዋሽ አርባ፣ በአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ፣ አዲሱን ቅጂ ለሰፈሩ ሰው አሳየን። ሙቀቱ ማታም አልለቀቀም፤ ቬንትሌተሩ ይጮኻል። ከተመልካቹ ብዙው አፉን የፈታው በአፋርኛ ነው፤ አማርኛን በኋላ የለመደ ጆሮ ደግሞ የተሸረፈ ቃል በግምት ለመሙላት ይቸግረዋል። አንድ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በአራተኛው «ልጄ፣ ሰዎቹን አየኋቸው፤ አልሰማኋቸውም» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

«ከሥር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ አይደል?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ አለ። ግን ለማን? የውጭው ተመልካች ጽሑፉን እያነበበ የሥዕሉን ጥራት ቢያደንቅ አይፈረድበትም። እኛ ግን በገዛ ቋንቋችን የተሠራውን ፊልም በእንግሊዝኛ እያነበብን «ገባን» ካልን ምን ቀረን?

«አሮጌ ፊልም ነው፤ ድምፁ ድሮም እንዲሁ ነው» የሚሉም አሉ። ይህ ስንፍና ነው። ፊልሙ በ2006 እ.ኤ.አ. በጣሊያን አገር በቦሎኛው ሲኒማቴክ ታድሷል። የእኛዎቹ ከዚያ ስለ መምጣታቸው ግን አንዲት ቃል አልተጻፈባቸውም። እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ሁለቱም ከባለቤቱ እጅ የመጡ አይደሉም፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞሩ የደረሱን ናቸው።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ የሚለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውንም ቅጂ ከመምረጣችን በፊት ዓይናችንን ጨፍነን አሥር ደቂቃ እናዳምጥ፤ አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ጓደኛችንም አብሮን ይዳኝ። ሁለተኛ፣ ርዝመቱን እንይ፤ 144 ደቂቃ ከሆነ የተጣደፈ መሆኑን እንጠርጥር። ሦስተኛ፣ ለፊልሙ ባለቤት ጽፈን ፈቃድና ደኅና ቅጂ እንጠይቅ። መልስ እስኪመጣ አሮጌው ይታይ። «እሽሽ» ይበል፤ ከ«እሽሽታው» በስተጀርባ ሰው ይሰማል።

የሚቃወም ካለ ብዕሩን ያንሣ። በቅድሚያ ግን ያዳምጥ።