ከእሳቱ ይልቅ ጭሱ የሚያስቸግር ሞተር

በአሜሪካ አገር አይሮፕላን በገዛ እጃቸው፥ በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ሠርተው የሚበሩ ሰዎች መኖራቸውን ሰምታችሁ ይሆናል። ሕጉ የሚጠይቃቸው ከሥራው የሚበዛውን ክፍል ራሳቸው እንዲሠሩት ነው። ሞተሩን ግን ከመኪና ቢያወጡት አይከለከሉም። አንዳንዶቹም የማዝዳን «አር ኤክስ 7» መኪና ተሽከርካሪ ሞተር ይመርጣሉ።

ይህ ዓይነት ሞተር የጀርመናዊው የፌሊክስ ቫንክል ሐሳብ ሲሆን፥ የመጀመሪያው ናሙና የሠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ነው። ፒስቶንም ቫልቭም የለውም፤ በሆዱ ውስጥ የሚዞረው ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው። ክብደቱ ቀላል፥ ንዝረቱም ጥቂት ስለሆነ ለአይሮፕላን የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ጭሱ እጅግ ይፋጃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ቀጭን በመሆኑ ቶሎ ነዶ አያልቅም፤ መውጫው ሲከፈት ገና በመንደድ ላይ ያለ ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ የጭሱ ሙቀት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ እንደሚቀልጥ አስቡ! ደግሞም መኪና ነጂ ብዙ ኃይል የሚጠይቀው ለአፍታ ነው፤ አይሮፕላን ግን ለሰዓታት ይጠይቃል፤ ቧንቧውም በጠባብ ኮፈን ውስጥ፥ ከቤንዚን መስመር ብዙ ሳይርቅ ነው የሚያልፈው።

እንግዲህ ብልህ ሠሪ ምን ያደርጋል? አንደኛ፥ ተራውን ብረት ትቶ የማይዝግ ብረት ወይም ኢንኮኔል የተባለውን የኒኬል ቅይጥ ይመርጣል። ሁለተኛ፥ አንድ ሜትር የማይዝግ ብረት ሙቀቱ በ800 ዲግሪ ሲጨምር 14 ሚሊሜትር ያህል ስለሚረዝም፥ መጋጠሚያው እንዲንሸራተት አድርጎ ይሠራዋል፤ አለዚያ ብየዳው ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፥ በቧንቧውና ሙቀት በሚጎዳቸው ዕቃዎች መካከል የላሜራ ጋሻ አቁሞ፥ በመሐሉ ነፋስ እንዲያልፍ ያደርጋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ማርሚታው ነው። የዚህ ሞተር ጩኸት ጆሮ ይበሳል፤ ድምፁን የሚያፍኑት የውስጥ ላሜራዎች ግን በሙቀቱ ተበልተው ሊወድቁ ይችላሉ። የወደቀው ቁራጭ መውጫውን ቢዘጋው ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ይህ የሚሆነው አይሮፕላኑ ከመሬት ሲነሣ ከሆነ አብራሪው ማረፊያ ለመፈለግ ጊዜ አያገኝም። ቧንቧው ቢሰነጠቅም ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ አብራሪው ክፍል ገብቶ ያደነዝዘዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠሪ ላሜራው ወፍራምና ጥቂት የሆነ ማርሚታ ሠርቶ የተረፈውን ጩኸት ይታገሣል፤ ኮፈኑንም ቶሎ ቶሎ እየከፈተ ብየዳውን ይመረምራል።

አንባቢዎች ሆይ፤ የሞተርን ጉልበት ማድነቅ ለማንም ቀላል ነው። የተረፈው ሙቀት ወዴት ይሄዳል ብሎ መጠየቅ ግን የመሐንዲስነት መጀመሪያ ነው።