ወኔ ብረት አይበሳም

ዋጫም ሆነ ቦንጋ፣ ወጣት ቡና ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ የማይቀር ክርክር አለ። በ2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ከሰፋ ወዲህ ግማሹ «ታንክ አከተመለት» ይላል፤ ማማው ተፈንግሎ የሚበር ቲ-72 በስልኩ ያሳያል። ሌላው በብረቱ ውፍረት ይምላል። ሁለቱንም ታግሰን እንሰማለን። የማንታገሰው ሦስተኛውን ነው፦ «ሚሳኤል ምን ያደርጋል? አባቶቻችን በጎራዴ ታንክ አሸንፈዋል!» ባዩን።

ይህ ወሬ ሰው ያስጨርሳል፤ ስለዚህ ዝም አንለውም።

ወሬው ከባዶ ሜዳ አልተነሳም። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በሽሬ በኩል፣ ደምበጉና በሚባለው መተላለፊያ፣ የራስ እምሩ ጦር የጣሊያንን ታንኮች ድል አድርጓል። ግን ምን ዓይነት ታንክ? ሲቪ 33 ሦስት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ የብረቱ ውፍረት ከ15 ሚሊሜትር የማያልፍ ነበር። የሚዞር ማማ ስለሌለው መትረየሱ ወደ ኋላ መተኮስ አይችልም። የእምሩ ሰዎች ይህን አይተው ከኋላ መጡበት። ቦታ መረጡ፣ የጠላትን ጉድለት አጠኑ፣ ከዚያ ደፈሩ። የዛሬዎቹ ፎካሪዎች ግን ጭንቅላቱን ጥለው ጎራዴውን ብቻ ያወርሱናል።

ታሪኩንም እዚያው ላይ ያቆሙታል። ከስምንት ቀን በኋላ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ በኩል በዚያው በእምሩ ጦር ላይ መርዝ ጣሉ። ጎራዴ ለዚያ ምን መልስ ነበረው?

ስለ ወኔማ የከፋን ልጅ ማን ያስተምረዋል! የከፋ መንግሥት ዳር ድንበሩን በጥልቅ ቦይ፣ በአጥርና በተጠበቀ በር አጥሮ ለዘመናት ኖሯል። የእኛ ጥሩር ያ ነበር። በ1889 ዓ.ም. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር 20,000 ገደማ ጠመንጃ ይዞ ሲዘምት፣ በከፋ እጅ የነበረው ግን ጥቂት መቶ አሮጌ ጠመንጃና ጦር ነው። ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ተዋግተው ተያዙ፤ በ1911 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ አረፉ። አያቶቻችን የተሸነፉት ወኔ አንሷቸው ነው የሚል ካለ ይምጣና ዋጫ ላይ ይንገረን።

ዛሬ ደግሞ ሒሳቡ ብሷል። የቲ-55 የጎን ብረት 80 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሰው በትከሻው የሚሸከመው አርፒጂ 7 ገና በመጀመሪያው ተተኳሹ ከ250 ሚሊሜትር በላይ ይበሳ ነበር፤ ፈንጂው የመዳቡን ሽፋን ጨምቆ እንደ ወስፌ ያሾለዋል። ታንክ ሠሪው በብረቱ ላይ የሚፈነዳ ጡብ ደረበ። ሚሳኤል ሠሪው ሁለቴ የሚፈነዳ ራስ ሠራ፤ አንዱ ጡቡን፣ ሌላው ብረቱን። ጃቭሊን ይባስ ብሎ ከአናት፣ ብረቱ ከሳሳበት ይወርዳል። የመሐንዲስና የገንዘብ ፉክክር ነው። አገራችንም በ2003 ዓ.ም. 200 ቲ-72 ከዚያችው ከዩክሬን ለመግዛት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተዋውላለች፤ በጎራዴ የሚያምን መንግሥት እንዲህ አይከፍልም።

ውፍረት አምላኪዎችም በዚህ ደስ አይበላችሁ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ የናደው ዕዝ ታንክ ሞልቶት ነበር። ከጠባቡ መተላለፊያ ሲደርስ ፊተኛው ተመታና መንገዱ ተዘጋ። የኋለኛው ሁሉ በተራ ቆመ። ቀጥሎ የገዛ ወገኑ አውሮፕላን፣ ንብረቱ በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ተብሎ፣ የቆመውን ሰልፍ ደበደበው። እነዚያ የታንክ ሾፌሮች ወኔ አልጎደላቸውም፤ ብረትም አልጎደላቸውም። የጠፋው መውጫ መንገድ ነበር፤ እሱን ያላሰበላቸው ደግሞ ታንኩ ውስጥ አልነበረም።