የቆዳ ክብርና የውበት ገበያ

ሰው በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፤ ሸኮናውን ይመረምራል፤ ከማን ቤት እንደ ወጣም ጎረቤት ይጠይቃል። ጫማ ሲገዛም ወደ ብርሃን አውጥቶ ያገላብጠዋል፤ ስፌቱን ይጐትታል። ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያውቅ ያው ሰው ግን ፊቱን የሚቀባውን ቅባት ከምን እንደ ተሠራ ሳይጠይቅ ይገዛል፤ ገላውን የሚቀደው እጅም የማን እንደ ሆነ ሳይመረምር ይተኛለታል። በሬ ቢከፋ ይሸጣል፤ ጫማም ቢበላሽ ይጣላል፤ ቆዳ ግን ከልደት እስከ መቃብር አንድ ብቻ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ከውበት ጋራ አይደለም። ሰው ሊያምር መውደዱ ነውር አይደለምና። የምንከራከረው ሰውን በመልኩ አሳፍሮ ገንዘቡን ከሚወስድ ሻጭና፣ ሳይጠይቅ ከሚቀበል ገዢ ጋራ ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከደጃችን እንጀምር። የአንኮበር ወረዳ ከተማ ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ደጋ የኖረ ሰው ብርዱን እንጂ ፀሐዩን አይፈራም፤ አየሩ ስለ ቀዘቀዘ ፀሐዩም የማይጐዳ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በእረኛውና በገበያተኛይቱ ፊት ላይ የሚወጣውን ማድያት የሚያብሰው፣ ጉንጭንም ከነፋሱ ጋራ አብሮ የሚያደርቀው ይህ ጨረር ነው።

ይህን ጨረር የሚከላከልልን የራሳችን ቀለም ነው። ጥቁረታችንና ጠይምነታችን ሜላኒን ከሚባል ቀለም የመጣ ሲሆን፣ የቆዳችንን ውስጠኛ ክፍል እንደ ጥላ ይከልላል። በተፈጥሮ ይህ ቀለም የጐደላቸው ወገኖቻችን ፀሐይ እንዴት እንደምታቆስል፣ ለቆዳ ካንሰርም እንዴት እንደምታጋልጥ በገላቸው ያውቁታል። እንግዲህ በዚህ ከፍታ ላይ እየኖረ ቀለሙን በገንዘብ የሚያስፍቅ ሰው በሐምሌ ዝናብ የቤቱን ክዳን ለማስነሣት ደመወዝ የሚከፍል ሰው ይመስላል።

በየአገሩ «ፊት ያቀላል» እየተባሉ ከተሸጡትና ከተመረመሩት ቅባቶች ውስጥ ሦስት ነገሮች ደጋግመው ተገኝተዋል። አንደኛው ባዝቃ ወይም ሜርኩሪ የሚባለው ነው። ባዝቃ የቆዳው ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል፤ ነገር ግን በቆዳ ላይ ብቻ አይቀርም። ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጐዳል፤ ነርቭን ያውካል፤ ነፍሰ ጡር ብትቀባው ወደ ፅንሱ ይሻገራል፤ አቅፋ የምትስመውን ሕፃንም ሊያገኘው ይችላል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ይህንን ሐኪም ለተወሰነ ሕመምና ለተወሰነ ጊዜ ያዝዘዋል፤ ያለ ሐኪም ለብዙ ጊዜ ሲቀቡት ግን ሊያቀላው የታሰበውን ፊት መልሶ ሰማያዊ ጥቁር ያደርገዋል፤ ይህም ጥቁረት በቀላሉ የሚለቅ አይደለም።

ሦስተኛው ክሎቤታሶልንና ቤታሜታሶንን የመሰለው የስቴሮይድ ቅባት ነው፤ እርሱም ከሁሉ ይልቅ አታላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማድያቱ ይደበዝዛል፤ ቡግሩ ይጠፋል፤ ፊት ያበራል፤ ጓደኞችም «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይላሉ። ወራት ሲያልፉ ግን ቆዳው ይሳሳል፤ የደም ሥር ከላይ ይታያል፤ ቡግር በርትቶ ይመለሳል፤ ፀጉርም በጉንጭ ላይ ሊበቅል ይችላል። በዚህ ደንግጣ ቅባቱን ያቆመች እንደ ሆነ ፊቷ ይቀላል፤ ያቃጥላታል፤ ስለዚህ ሕመሙን ለማስታገሥ ሕመሙን ወዳመጣው ሱቅ ተመልሳ ትሄዳለች። ለእንዲህ ያለው ሻጭ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይገኛል? «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ማለት ይህ ነው።

መንግሥታት ይህን ጉዳት አውቀው ሕግ አውጥተዋል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖን በማስዋቢያ ቅባት ውስጥ እንዳይገባ ከለከለች። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከአንድ ሚሊዮን እጅ አንድ እጅ የሚበልጥ ባዝቃ ያለበት ማስዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይሠራና ከአገር አገር እንዳይዘዋወር ወሰነ፤ በ2023 የተደረገው ጉባኤ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ባዝቃ የተጨመረበት ማስዋቢያ በ2025 እንዲቀር ተስማማ። በአገራችንም የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የውበት መጠበቂያዎችን ከቁጥጥር በታች አድርጓል። ሕግ ግን በየቤቱ መስታወት ፊት ዘበኛ አያቆምም። በመስታወቱ ፊት ዘበኛው የገዛ ዕውቀታችን ነው።

ስለምን ይገዛል ብለን ብንጠይቅ ጥፋቱን በነጋዴው ላይ ብቻ ልንጭነው አንችልም። በሕንድ አገር ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ፌር ኤንድ ላቭሊ» እየተባለ፣ ማለትም «ቀይና ተወዳጅ» ተብሎ የተሸጠው ቅባት ወቀሳ ስለ በዛበት በ2020 ስሙን ለውጦ «አብሪና ተወዳጅ» የሚል ትርጉም ያለው «ግሎው ኤንድ ላቭሊ» ተባለ። ስሙን መለወጥ ቀላል ነው፤ የገዢውን ልብ መለወጥ ግን ከባድ ነው። እኛም ብንሆን «ቀይ ናት» ስንል እያመሰገንን ነው፤ «ጠቆር ያለች ናት፤ ግን ቆንጆ ናት» ስንል ደግሞ ይቅርታ እየጠየቅንላት ነው። ያች «ግን» የምትባል ትንሽ ቃል ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ቅባት ትሸጣለች። አክስት ለእኅቷ ልጅ፣ ወንድም ለእኅቱ፣ እጮኛም ለእጮኛው ይህችን ቃል ሲናገር ሳያውቀው የነጋዴው ደላላ ሆኗል።

አንዳንዱ ወጣት «ገላዬ የራሴ ነው፤ እናቶቻችንስ ይኳኳሉ፣ ይነቀሱ አልነበረምን?» ብሎ ይመልስልናል። መልካም ክርክር ነው፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው እንከተለው። እናቶቻችን ኩል ይኳሉ፣ እንሶስላ ይሞቁ ነበር፤ እነዚህ ከጊዜ በኋላ ይለቃሉ። በግንባርና በአንገት የተነቀሱት ንቅሳት ግን አይለቅም። በጊዜው ያልተነቀሰች ልጅ የምታፍር ነበረች፤ ዛሬ ግን ወደ ከተማ የገባችው የተነቀሰች ሴት አንገቷን በሻሽ ትሸፍናለች፤ አንዳንዷም በጨረር ለማስፋቅ ገንዘብ ታወጣለች። የዚህ ጨረር አሠራር ለጠይም ቆዳ በሚገባ ካልተመጠነ ነጭ ወይም ጥቁር ጠባሳ ይተዋል። እናቶቻችንን አንወቅስም፤ የዘመናቸውን ውበት አከበሩ። እኛ ግን ከእነርሱ ገላ አንድ ትምህርት እናንብብ፤ የአንድ ዘመን ጌጥ ለሚቀጥለው ዘመን ማፈሪያ ይሆናል፤ ስለዚህ ታጥቦ የሚለቀውን ጌጥ በነፃ ምረጡ፤ የማይለቀውን ግን ደጋግማችሁ መርምሩ።

ከማይለቁት ነገሮች ዋናው የቢላዋ ሥራ ነው። «ፕላስቲክ ሰርጀሪ» የሚለውን ስም ሰምቶ ገላ ውስጥ ፕላስቲክ የሚጨመር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መቅረጽን የሚያመለክት ነው። ሞያው በጥንታዊት ሕንድ የተቈረጠን አፍንጫ ለመጠገን የዋለ ነው፤ በዘመናችንም ያደገው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው ሐኪም ጥይት ፊታቸውን ያፈረሰውን ወታደሮች ለማከም በደከመበት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ የታጠፈውን ጣት ሲያቀና፣ አልከደን ያለውን የዐይን ቆብ ሲጠግን ኖሯል፤ የካቲት 12 ሆስፒታልም እሳት ያቃጠላቸውን ያክማል። በእሳት የተጣበቀ አንገቱን የሚያስቀና ሕፃን፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደም ልጅ ከንቱ ውበት አይፈልጉም። እንዲህ ያለውን ሕክምና «የተፈጥሮን ሥራ መቃወም ነው» ብሎ የሚከለክል ሰው ጨካኝ ነው።

ጤነኛውን ገላ ለማሳመር ብቻ መቀደድ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን የመረጠ አዋቂ ሰው ወንጀል አልሠራም፤ ነገር ግን የሚገባበትን ማወቅ አለበት። ከሆድ ስብ ቀድቶ ወደ መቀመጫ በመርፌ መጨመር ዛሬ በስልክ መስኮት ሁሉ የሚታይ ፋሽን ነው። የዚሁ ሞያ ማኅበራት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ማስጠንቀቂያ ከ3,000 ተቀዳጆች እስከ አንዱ ሊሞት እንደሚችል ገምተዋል፤ ስቡ ወደ ትልቅ የደም ሥር ከገባ ወደ ልብና ወደ ሳንባ ይሄዳልና። በፈረንሳይም ፒፕ የተባለው ፋብሪካ ለጡት መሙያ የሚሆነውን ለሕክምና የተፈቀደ ሲሊኮን ትቶ ለኢንዱስትሪ የሚውለውን ሲሞላ ተገኝቶ በ2010 ዕቃው ከገበያ ተነሣ፤ መሥራቹም በ2013 የ4 ዓመት እስራት ተፈረደበት። 300,000 ያህል ሴቶች ያን ዕቃ በገላቸው ተሸክመው ነበር። በሠለጠነ አገር ይህ ከሆነ፣ ስሙ በማይታወቅ ቤት በጓሮ በር የሚወጋ መርፌ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ገምቱ። ጤና ላለው ሰው ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። የሚቀደኝ ሰው በዚህ ሞያ የተማረና ፈቃድ ያለው ነውን? በገላዬ የሚገባው ዕቃ ስሙ ማን ነው? የሚያደነዝዘኝስ ማን ነው? ሌሊት ደም ቢፈሰኝ ወይም ትኩሳት ቢይዘኝ ወዴት እሄዳለሁ? ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? ለእነዚህ ጥያቄዎች በትዕግሥት የማይመልስ፣ «ዛሬ ካልሆነ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሰው ሐኪም ሳይሆን ቸርቻሪ ነው። ከሁሉ በኋላ ደግሞ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ይህን ነገር የፈለግሁት እኔ ነኝን? ወይስ አንድ ሰው ስለ ዘለፈኝ ነው?

እንግዲህ የመጨረሻውን ወቀሳ እንስማ። ስለ ፊታችን ይህን ያህል ስንጨነቅ እግራችንን ረስተነዋል። በደጋችን ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እግሩ አብጦ ዝሆኔ የሚባለው በሽታ ሊይዘው ይችላል። በኢትዮጵያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ይገመታል። መከላከያው ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ነው፤ በሽታውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሽኮኮ በሚኖርበት ገደላማ አገር ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ነክሳ የምታመጣው ቁንጭር የልጆችን ፊት ያቈስላል፤ በጊዜው ወደ ሐኪም ካልተወሰደም ዕድሜ ልክ የሚታይ ጠባሳ ይተዋል። ጫማ መግዣ ያጣ ድኻ አይወቀስም። የሚወቀሰው ለማቅያ ቅባት በየወሩ እየከፈለ የታናሽ ወንድሙን ባዶ እግር አይቶ የሚያልፈው ነው፤ በዝሆኔ ያበጠውን ጎረቤቱን ሸሽቶ ከስልኩ ውስጥ ፊቱን ሲያሳምር የሚውለው ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ቆዳን መንከባከብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ሳሙና፣ ለደረቀ ቆዳ ቫዝሊን፣ ለቀትር ፀሐይ ባርኔጣ ወይም ጥላ፣ ከተቻለም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ይበቃል። ጭርት ወይም ማድያት ሲወጣ የቆዳ ሐኪም ይታይ እንጂ የሱቅ ልጅ አይጠየቅ። ስሙና የተሠራበት ነገር ያልተጻፈበት ቅባት ወደ ቤታችሁ አይግባ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስለ ሰው መልክ ስትናገሩ «ግን» የምትለዋን ቃል ከአፋችሁ አውጡ። «ጠይም ናት፤ ቆንጆም ናት» በሉ። ይህን ማለት ምንም አያስከፍልም፤ አንዲት እኅታችሁን ግን ከባዝቃ ያድናታል።