ዴልታ በግንብ ብቻ አይድንም

ከባሕር ዳር ያለን ዴልታ ከአየር ንብረት ለውጥ እናድናለን የሚል የፕሮጀክት ሰነድ ገጥሟችሁ ያውቃል? ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ ባሕሩ በስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚጨምር ይነገራል። ቀጥሎ የግንቡ ርዝመትና በጀቱ ይመጣል። መጨረሻ ላይ "የማኅበረሰብ ተሳትፎ" የምትል አንዲት አንቀጽ ትለጠፋለች። ስለ አፈር ግን የሚያወራ ብዙም የለም። ዴልታ ደግሞ አፈር ነው፣ በቃ።

ወንዝ ባሕር ሲደርስ ጉልበቱ ያልቅና የተሸከመውን ደለል ያራግፋል። ዴልታ የሚሠራው እንዲህ ነው። የተከመረው ደለል ግን በራሱ ክብደት እየታመቀ ይሰምጣል። አዲስ ካልተጨመረበት፣ ባሕሩ ባይጨምር እንኳ መሬቱ ዝቅ ይላል።

ይሄ ለኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። "አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" እንላለን፤ ዋናው ጭነቱ ግን አፈር ነው። የግብፅ ዴልታ ከተሠራበት ደለል አብዛኛው ከኛ ደጋ የታጠበ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲጠናቀቅ ያ ደለል ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ቀድሞም መሸርሸር ጀምሮ የነበረው የራሺድ ዳርቻ ባሰበት፤ ባሕሩ በኪሎ ሜትር የሚቆጠር መሬት በላ። ግንብ ሲሠራለት ደግሞ ሽርሸራው ከግንቡ ጫፍ አልፎ ወደ ጎረቤት ዳርቻ ተሻገረ። ይህን የምለው በግድብ ክርክር ነጥብ ለማስቆጠር አይደለም። እኛም ግድብ አለን፣ ደለልም አለን።

ትልቁ ትምህርት ያለው ግን ባንግላዴሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በውጭ ገንዘብና በውጭ ባለሙያ ምክር፣ የባሕር ዳርቻው ከ100 በላይ ቦታዎች በአፈር ክትር ታጠሩ። ጨዋማ ውሃ እንዳይገባ፣ ሩዝ እንዲበዛ ተብሎ ነው። መጀመሪያ ላይ ሠራ። ሆኖም በቀን ሁለቴ የሚመጣው የባሕር ሙላት ማሳ ላይ ይበትነው የነበረውን ደለል አሁን ወንዙ ውስጥ ይተወው ጀመር። የወንዙ ወለል ከፍ አለ፣ ማሳው ዝቅ እንዳለ ቀረ። የዝናቡ ውሃ መውጫ አጣ። ገበሬው ከባሕር በዳነ መሬት ላይ ዓመት ከዓመት ውሃ ውስጥ ቆመ።

ታዲያ ምን አደረገ? እ.ኤ.አ. በ1990 ቢል ዳካቲያ በሚባለው ረግረግ፣ በ1997 ደግሞ ቢል ባይና ላይ፣ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ክትሩን ናዱት። ቢል ባይና ላይ የባሕሩ ሙላት እየገባ ደለሉን አራገፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክትሩ በተናደበት አካባቢ መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አለ፤ ወንዙም ጠለቀ። በኋላ ባለሙያዎች ነገሩን አጥንተው ስም ሰጡት፣ የመንግሥት ዘዴም ሆነ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ዘዴው መሬትን ለዓመታት ለውሃ መልቀቅ ይጠይቃል። መንግሥት ሥራውን ሲረከብ ለባለ መሬቶቹ ካሳው ዘገየ፣ ወረቀቱ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቢል ካፓሊያ ላይ ያሉ ገበሬዎች ሥራው እንዳይጀመር ተቃወሙ። አላዋቂ ስለሆኑ ነው እንዳትሉኝ፤ ሐሳቡ የመጣው ከነሱ መሰል ሰዎች ነው። ሰነዱ ሐሳባቸውን ወሰደ፣ ጓዳቸውን ግን ረሳ።

"ታዲያ ግንብ ይፍረስ ነው የምትለው?" የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። በ1970 አውሎ ነፋስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ባለቀበት አገር እንዲህ ብሎ መናገር ጭካኔ ነው። መጠለያ ያስፈልጋል፣ ከተማ ግንብ ያስፈልገዋል። ግንብ ጊዜ ይገዛል፤ መሬት ግን አይሠራም። የኔ ጠብ ግንቡን ሠርቶ፣ ሪባን ቆርጦ፣ "ተላመድን" ብሎ ከሚሄደው ጋር ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን የዴልታ እቅድ ስታዩ የግንቡን ርዝመት ተዉትና ሁለት ነገር ፈልጉ። አፈሩ ከየት ይመጣል? መሬቱን ለውሃ የለቀቀው ገበሬ እስኪመለስለት ድረስ ምን ይበላል? መልሳቸው በጀቱ ውስጥ፣ በቁጥር፣ ከሌለ እቅዱ አላለቀም። ወደ ጸሐፊዎቹ ይመለስ።