ሚሊዮኑን የዋጠው ዓምድ

የጀሞ ደላላ ዱሮ ኪሱ ውስጥ የሚይዛት ደብተር ነበረችው። አሁን ደብተሯ ኤክሴል ሆናለች። ከጀሞ አንድ እስከ ጀሞ ሦስት ያሉትን ኮንዶሚኒየሞች፣ ብሎክና ወለል፣ የባለቤት ስልክና የተጠየቀ ዋጋ የያዘ አንድ ፋይል አምስት ስድስት ሰው ይጋራዋል። ችግሩም እዚያው ላይ ይጀምራል፤ ደብተሩ የሁሉም ነው፣ ዓምዱን የሚያሰፋው ግን የለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዋጋ አሃዝ እየጨመረ ሄዷል። በስድስት አሃዝ ዘመን አንዱ በእጁ ያጠበበው ዓምድ ሰባት አሃዝ ከነሳንቲሙ ሲመጣበት በራሱ አይሰፋም፤ የመሰላል ምልክት ደርድሮ ዝም ይላል። ይኼ እንኳ ደግ ነው፣ ቢያንስ ጉድለቱን ይናገራል። የሚያስፈራው ጽሑፉ ነው። አጠገቡ ያለው ሴል ከተሞላ ረጅም ጽሑፍ ያለምንም ምልክት ይቆረጣል። አማርኛ ደግሞ ቁም ነገሩን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። «የባንክ ዕዳው ተከፍሎ አላለቀም» የሚለው ማስታወሻ «የባንክ ዕዳው ተከፍሎ» ላይ ከተቆረጠ ገዢው ቀብድ የሚከፍለው ለሌላ ቤት ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ኤክሴል የዓምድን ስፋት የሚለካው በዜሮ ቁጥር ስፋት ነው፤ ብዙዎቹ የግዕዝ ፊደላት ከዜሮ ይሰፋሉ። ለእንግሊዝኛ የበቃ ዓምድ ለአማርኛ ይጠባል።

መድኃኒቱ ማክሮ ነው። ቪዥዋል ቤዚክ ከኤክሴል ጋር የተዋሐደው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ዓምዶቹን እንደ ይዘታቸው የሚያሰፋው ትእዛዝ ኦቶፊት ይባላል፤ አንዲት መስመር ነው። ፋይሉ ሲከፈት እንዲሠራ ማድረግ ለሠፈሩ የኮምፒዩተር ልጅ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

ነገር ግን ማክሮን እንደ ልብ መልቀቅም ሌላ ጣጣ አለው። አንዳንዱ ቁጥር በተጻፈ ቁጥር ዓምዱ እንዲስተካከል ያዛል። ማክሮ በሠንጠረዡ ላይ ለውጥ ካደረገ በኋላ ኤክሴል የቀደመውን ሥራ ወደኋላ አይመልስም፤ በስህተት የጠፋ ዋጋ ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ ሲከፈት አንዴ፣ ሲታተም አንዴ ይበቃል። ለማስታወሻው ዓምድ የስፋት ጣሪያ ሰጥቶ ጽሑፉን ወደታች ማጠፍ ይሻላል፣ አለበለዚያ አንድ ወሬኛ ደላላ የጻፈው ሐተታ ዋጋውን ከስክሪኑ ያስወጣዋል። የብሎክ ቁጥር ለማሳመር ሴል ማዋሐድም ይቅር፤ ኦቶፊት የተዋሐደ ሴል አያይም።

የታመነ እጅ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 ሜሊሳ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዎርድ ማክሮ ተጭኖ ነው። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2022 ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ማክሮው እንዲታገድ ማድረግ ጀምሯል። በቴሌግራም የተላከለትን ፋይል «ፍቀድ» እያለ የሚከፍት ነጋዴ የሱቁን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደመስጠት ነው የሚቆጠረው። ማክሮውን የሚጽፈውም የሚለውጠውም አንድ ሰው ይሁን፤ የቀሩት ይጻፉ፣ ዓምድ ግን አይንኩ። ሉሁን በይለፍ ቃል መቆለፍ ይቻላል፤ የተቆለፈ ሉህ ግን ማክሮውንም ስለሚከለክል ማክሮው ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ መልሶ እንዲቆልፍ መታዘዝ አለበት።

«ቁጥር ማስፋት ምን ሥራ ሆኖ ነው» የሚል አይጠፋም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ከፋይሉ ወደ ውሉ የተገለበጠ የተቆረጠ ሐረግ በማግስቱ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚስተካከል ወሬ አይደለም።

አንድ ነገር ይቀራል። ከጀሞ ደላሎች ብዙዎቹ ፋይሉን የሚያዩት በስልክ ነው፤ የስልኩ ኤክሴል ደግሞ ማክሮ አያሠራም። እንግዲህ ኮምፒዩተር ያለው አንዱ ሱቁን ሳይዘጋ ማታ ከፍቶ፣ ማክሮውን አሠርቶ፣ አስቀምጦ ይሂድ። ጠዋት ስልክ የሚከፍተው ሁሉ የሚያየው ማታ የተስተካከለውን ነው።